ፈረስ ይዞ ውጭ ማደር፦ በእግር፣ በአይሱዙ ወይስ በተሳቢ?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለልኝ። ሁለት ፈረስ ገዝቷል፤ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ቡላ። ድምፁ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ድምፅ ነው።

"ሐይቅ ወስጃቸው ሁለት ሌሊት ላድር ነው። ተሳቢ ላሠራ ወይስ አይሱዙ ኮንትራት ልያዝ?" አለኝ።

ቪዲዮ ሲያይ እንደሰነበተ ገባኝ። ፈረንጆቹ በፒክአፕ የሚጎትቱት አለ አይደል? ከፊት አልጋና ምድጃ፣ ከኋላ ለፈረስ የተከፈለ ክፍል ያለው፣ ነጭና የሚያብረቀርቅ።

"ማታ የት ነው የምታስራቸው?" አልኩት።

"እሱንማ እዚያ ስደርስ አያለሁ።"

ከዚያ በኋላ ወሬያችን አንድ ሰዓት ፈጀ። ሌላም ሰው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ዘርዘር አድርጌ ጻፍኩት። እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ከአባቴ የቀሩልኝ አንድ ፈረስና አንዲት በቅሎ አሉኝ። በእግርም፣ በአይሱዙም፣ በተሳቢም ወስጃቸው አውቃለሁ። በሦስቱም ተሳስቻለሁ።

ከመኪናው በፊት ሌሊቱ

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከመኪናው ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከደሴ ሐይቅ ግን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ቀስ ተብሎም ቢሄድ ቶሎ ይደረሳል። ሌሊቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ጀምበር ከጠለቀች እስክትወጣ ፈረሱ አንድ ቦታ ይቆማል። ውሃ ይፈልጋል፣ ድርቆሽ ይፈልጋል፣ ከጅብ መጠበቅ አለበት።

ጅቡን እንደ ቀልድ አትዩት። የከተማ ሰው አህያ ላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። የታሰረ ፈረስ መሸሽ አይችልም። ባይነካው እንኳ ሽታው ሲደርሰው ገመዱን በጥሶ ገደል ሊገባ ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ገደል ለመፈለግ ሩቅ አይኬድም።

ስለዚህ ምርጫው ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። ማደሪያችሁ መኪና የማይገባበት መንደር ከሆነ ተሳቢ አስፋልት ዳር ቆሞ ይቀራል። ማደሪያችሁ የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ ለአይሱዙ የሚከፈለው ብር የባከነ ነው። ማደሪያችሁ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያስኬድ ከሆነ ደግሞ በእግር ሄዶ ሲመለሱ ሽርሽሩ ሳይጀመር ያልቃል።

የሚሸከሙትንም ቀድማችሁ አስቡ። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ ብዙው ከ250 እስከ 300 ኪሎ ቢመዝን ነው። በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ በሙቀት ከዚያም ይበልጣል። ያ ማለት አንድ ቢጫ ጀሪካን ለአንድ ፈረስ ላይበቃ ይችላል። ደረቅ መኖ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ስለሚያስፈልገው በቀን 5 ወይም 6 ኪሎ ያዙ። ሁለት ፈረስ ለሦስት ቀን 36 ኪሎ ድርቆሽ ነው። የምትደርሱበት አገር ጭድ አይጠፋም ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ፈረስ አያስመልስም። የለመደው መኖ ድንገት ሲቀየርበት ሆዱ ይነፋና ቁርጠት ይይዘዋል፤ ቁርጠት ደግሞ ፈረስ ይገድላል። ከቤት የያዛችሁትን ድርቆሽ ከአዲሱ ጋር እየቀላቀላችሁ ስጡት።

በእግር

በአንድ ቀን ለሚደረስ ቦታ ሁሉ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ፈረስ ረገጥ ረገጥ እያለ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጭነት ይዞ፣ እረፍት እያደረገ፣ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ይበቃዋል። ከደሴ ቦሩ ሜዳ ሲሆን ጠዋት ተነስቶ ለምሳ መድረስ ነው። ሐይቅ ሙሉ ቀን ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ኪሎ ሜትሩ 23 ገደማ ነው፤ ግን በቁጥሩ አትታለሉ። ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር ትንሽ ብታልፍ ነው፣ ደሴ 2500 አካባቢ ናት። መሃሉ ሃረጎ የሚባለው ዳገት ነው። ዳገቱን የወጣ ፈረስ በላብ ተጠምቆ የደሴ ንፋስ ይቀበለዋል። ያን ጊዜ ኮርቻውን ወዲያው አታውርዱ። ጠፍሩን አላልታችሁ ትንሽ በእጅ እየሳባችሁ አዙሩት፣ ጀርባውን ግላስ አልብሱት።

ሰው የሚረሳው ሰኮናውን ነው። አብዛኛው የገጠር ፈረስ ጫማ የለውም። አፈር ላይ ሲሄድ ዕድሜውን ሙሉ አይቸገርም። አስፋልት ላይ ሁለት ቀን ሲነዳ ግን ሰኮናው ይበላል፣ ጠጠር ይገባበታል፣ ሦስተኛው ቀን ማንከስ ይጀምራል። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ዳር ዳሩን ሂዱ። የድሮ የእግር መንገድ ካለ እሱን ያዙ፤ አቋራጭም ነው፣ ለእግሩም ይመቻል። በየማረፊያው አራቱንም እግር አንስታችሁ እዩ።

ሌላው ችግር የከባድ መኪናው ነገር ነው። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ በባቲ የሚመጣው ጭነት ኮምቦልቻ ነው የሚወጣው። ደረቅ ወደቡም እዚያው ነው። ጥሩምባ ያልለመደ ፈረስ ይዞ በዚያ መስመር መሄድ ከራስ ጋር መጣላት ነው። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ መንገድ ዳር እያቆማችሁ አስለምዱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አይሆንልኝም። የወሎ ሰው ስለ ፈረስ ሲያወራ ንጉሥ ሚካኤልን ሳያነሳ አያልፍም። አባ ሻንቆ የሚባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። አድዋ የዘመተው የወሎ ፈረሰኛ በአይሱዙ አልተጫነም። ግን የጥንቱ መኳንንት መንገዱን በምን ነበር የሚሄደው? በበቅሎ። ፈረሱ ከጎን እየተሳበ ይሄዳል፤ የሚጫነው ጦርነቱ ሲደርስ ነው። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ በጉዞው በኩል ግን የምታደርሰው በቅሎዋ ነበረች። ምክንያት አላቸው። በቅሎ ዳገት ላይ እግሯ አይስትም፣ መኖ አትመርጥም፣ ጭነት የመቻል አቅሟም ይበልጣል። ለፈረስ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። በቅሎ ከዚያ አለፍ ብትል ትችላለች። "አባትሽ ማን ነው" ሲሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" አለች ብለው ያሙባታል እንጂ፣ በመንገድ ነገር አጎቷን ታስከነዳለች። ሰጋር በቅሎ ያለው ሰው በእግር መሄድን አይፍራ።

በአይሱዙ

ቅጽል ስሙን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ለረጅም መንገድ ግን በእኛ አገር እውነተኛው አማራጭ እሱ ነው። በየከተማው ይገኛል፣ ብልሽቱን የማያውቅ መካኒክ የለም፣ ጠጠር መንገድም ይገባል። ጭነት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ካገኛችሁ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ደላላ ሳይሰማ ሹፌሩን ራሱን ጠይቁት። የምትስማሙት ለመሄጃ ብቻ ነው ወይስ ለመመለሻም? ፈረስ ጭኖ የሄደ ሰው የሚቸገረው መመለሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የጎኑ ከፍታ ነው። ተራው ስፖንዳ ለሲሚንቶ ይበቃል፣ ለፈረስ አይበቃም። ከደረቱ በላይ ካልሆነ ሊዘል ይሞክራል። ሰንጋ የሚጭኑት መኪኖች የእንጨት አጥር አላቸው፤ ከእነሱ ፈልጉ።

ሁለተኛው አጫጫኑ ነው። ካሶኒው ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ፈረስ እንደ በግ በጫኝና አውራጅ ተሸክሞ አይወጣም። መኪናውን ወደ ኋላ አስጠግታችሁ ከአፈር ቁልል ወይም ከዳገት ጋር ማገናኘት ነው። ደሴ በዚህ በኩል ምስኪን አይደለችም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ግን ቦታውን ቀድማችሁ ፈልጉ። ማውረጃውንም አስቡ፤ ጫኑና ሐይቅ ሲደርሱ የሚያወርዱበት ዳገት አጥተው እስኪመሽ የዞሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ሦስተኛው ወለሉ ነው። እኔ የተቃጠልኩት በዚህ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስጭን ወለሉ ባዶ ላሜራ ነበር። "አሸዋ እናድርግበት" ብል ሹፌሩ "ምንም አይሆንም እህቴ፣ ሃያ ደቂቃ ናት" አለኝ። እኔም አምኜው ወጣሁ። ሃረጎ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ፈረሴ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ። መነሳት አቃተው፤ ላሜራው ሽንቱን ይዞ እንደ ሳሙና ሆኗል። ቆመን፣ ከመንገድ ዳር አፈር በኬሻ ተሸክመን በትነን ነው ያነሳነው። ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አልሸፈነም። አሁን አራት ጣት አሸዋና ከላዩ ጭድ ካልተደረገ ፈረሴ አይወጣም። ሹፌሩ ከፈለገ ይቆጣ።

ስለ አስተሳሰር ደግሞ ሰፈራችን ያለ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ነው ያስተማረኝ። "ስሚ ልጄ፣ ራሱን ወደ ላይ ሰቅለሽ እንዳታስሪው። አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ካላራገፈ አቧራው ሳንባው ይገባል" አለኝ። በኋላ የእንስሳት ሐኪም ስጠይቅ ያው ነው ያለኝ። አንገቱ ተሰቅሎ ብዙ ሰዓት የተጓዘ ፈረስ አቧራና አክታውን ማውጣት ስለማይችል የሳንባ ምች ይይዘዋል። ገመዱ ራሱን ዝቅ ለማድረግ የሚበቃ፣ እግሩን ለመጠላለፍ የማይበቃ ይሁን። አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ። ሲወድቅ ቢላ ፍለጋ የሚኬድበት ጊዜ የለም።

ፈረስ መኪና ላይ አያርፍም፤ ይህን ሹፌሩ እንዲያውቅ አድርጉ። ፍሬን በተያዘ ቁጥር፣ ጥምዝ በመጣ ቁጥር በአራት እግሩ ሚዛኑን እየጠበቀ ነው። ወርዶ ሲቆም በእግሩ የሄደ ያህል ደክሞታል። እኔ ሁልጊዜ የምለው "እንቁላል ጫንኩ ብለህ ንዳ" ነው። ሦስት ወይም አራት ሰዓት በተጓዛችሁ ቁጥር ቁሙ፣ ውሃ አጠጡ፣ ሩብ ሰዓት ቢሆን እንኳ መኪናው ሳይነቃነቅ ይቁምበት። ፈረሶቹ የማይተዋወቁ ከሆነ በመካከላቸው ወፍራም እንጨት ይግባ።

በተሳቢ

ወደ አክስቴ ልጅ ቪዲዮ እንመለስ።

ውጭ አገር ፈረስ ይዞ መጓዝ ራሱን የቻለ ኑሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፈረስ ተሳቢ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ትንሹ ከመኪናው ኋላ ከመከላከያው በታች ካለው መንጠቆ ጋር ይያያዛል። ትልቁ አንገቱ ቆልመም ብሎ ፒክአፑ መጫኛ ላይ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አይወዛወዝም፣ የበለጠ ይሸከማል። አልጋና ምድጃ ያላቸው አብዛኞቹ የዚህ ዘር ናቸው። የፈረስ በረት ያላቸው የካምፕ ቦታዎች አሏቸው። ውሃና መብራት እዚያው ይሰካሉ። ያ ቤት የሚሠራው እነዚያ ቦታዎች ስላሉ ነው። ተሳቢውን እኛ አገር ብታመጡት አብሮት የሚመጣ ካምፕ የለም።

ሰው "ሃረጎን አይወጣም" ይላል። ውሸት ነው። ከሱ የሚረዝም ባለተሳቢ ከባድ መኪና በየቀኑ ይወጣዋል። ችግሩ ከአስፋልቱ ስትወርዱ ነው። የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፣ መዞሪያ የለውም፣ ዝናብ ከጣለ ጭቃ ነው። ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንዴ ጠባብ መንደር ውስጥ ገብቼ ለመውጣት ተሳቢውን ፈትተን በሰው ትከሻ አዙረነዋል። የመንደሩ ልጆች እስከ ዛሬ የሚስቁብኝ ይመስለኛል።

መለስተኛ አማራጭ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ የሚበየደው ባለሁለት ጎማ ተሳቢ። የአክስቴ ልጅ ያሰበው ይህን ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ፈረስ፣ በአስፋልት፣ ለአጭር መንገድ ከአይሱዙ ይሻላል። መሬት ስለሚቀርብ ፈረሱ በሳንቃ ይወጣል፣ ዳገት ፍለጋ የለም። መመለሻውም በእጃችሁ ነው። ግን ሦስት ነገር ካልተሟላ አትንኩት።

አንደኛ፣ ክብደቱን አስሉ። የብረት ተሳቢ ባዶውን አንድ ቶን ሊጠጋ ይችላል፤ ሁለት ፈረስ ሌላ ግማሽ ቶን ነው፤ ድርቆሽና ውሃ አለ። ብዙ ፒክአፖች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ እንዲጎትቱ የሚፈቀድላቸው እስከ 750 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍሬን የሌለው የፈረስ ተሳቢ ከጅምሩ ስህተት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ተውሼ ነበር፤ ፍሬን እንደሌለው አልጠየቅኩም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ተሳቢው መኪናውን መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ነፋስ ነበር የመሰለኝ። ቀጥሎ የፍሬን ሽታ መጣ። ሹፌሩ ልባም ሰው ስለነበር ማርሹን ወደ አንደኛ አወረደና እየተንቀጠቀጥን ኮምቦልቻ ገባን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት የተቃጠለ ነገር ሲሸተኝ ጉልበቴ ይብረከረክ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑ። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህል መንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው እንደ እባብ ይተጣጠፋል። አንድ ፈረስ ብቻ ከሆነ በግራ በኩል፣ በሹፌሩ ወገን አቁሙት። መንገዱ ወደ ቀኝ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ በቀኝ ያለ ክብደት ወደ ቦዩ ይስባል።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደሴ ላይ ሩቡ የለም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ እየነዳ "ይጎትታል" ያላችሁን ሰው ምክር በዚህ ሒሳብ ቀንሱት፤ አዲስ አበባም ያው ደጋ ናት፣ ግን ሃረጎ የላትም። ከቁልቁለቱ በፊት ማርሽ አውርዱ እንጂ ፍሬን ላይ አትተኙ።

ከገዛችሁ ወይም ካሠራችሁ በኋላ ፈረስ ሳትጭኑ ሁለት ሦስት ቀን ባዶውን፣ ቀጥሎ አሸዋ ጭናችሁ ንዱት። ፈረሱንም ቆሞ ባለ ተሳቢ ውስጥ እየገባ መኖ እንዲበላ አስለምዱት። በጉዞው ቀን ጠዋት በዱላ የሚገባ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ቂም ይዞ ነው የሚውለው።

ፈረሱን ቤት ትቶ መሄድ

ይህን አማራጭ ማንም አይጠይቀኝም፤ ግን አንዳንዴ ብልሁ እሱ ነው። ላሊበላ ወጥታችሁ አሸተን ማርያም ልትሄዱ ከሆነ በቅሎ እዚያው ይከራያል። ሰሜን ተራሮችም ደባርቅ ላይ በቅሎና ፈረስ ከነመሪው ይገኛል። የአገሩ እንስሳ ገደሉን ያውቀዋል፣ አየሩን ለምዶታል። ከደሴ ፈረስ ጭኖ ያን ያህል መንገድ ማምጣት ፍቅር ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም። የራሳችሁን ግላስ ግን ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ የጋሪ ፈረስ በሚበዛበት ከተማ ቆዳ ላይ ተደርድሮ እየፈነዳ የሚያቆስል ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የሚባል በሽታ አለ። በቁስል፣ በዝንብና በዕቃ ይተላለፋል። የተከራያችሁበትን ግላስ ቤት አምጥታችሁ በፈረሳችሁ ላይ አታድርጉ።

ቦሩ ሜዳ፣ ሐይቅ ወይስ ባቲ?

ለመጀመሪያ ሌሊት ቦሩ ሜዳን የሚያክል የለም። ከደሴ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ቤታችሁ ቅርብ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ፈረስ ሲያየው ደስ ይለዋል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤውን ያደረጉት እዚህ ነው፤ ያን ሁሉ ጦርና ፈረስ የቻለ ሜዳ የእናንተን ሁለት ፈረስ አያጣብብም። ጉድለቱ ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጥላል። ፈረስ ግን ደረቅ ከሆነ ብርድን ከሙቀት ይልቅ ይችላል፤ ችግሩ ንፋስና ዝናብ አንድ ላይ ሲመጡበት ነው። የሚንቀጠቀጠው ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ነው። በበልግም ሰማዩን አትመኑት።

ሐይቅ ያምራል። ውሃው ጨዋማ አይደለም፣ ሣር አለ፣ ምሽቱ ለስላሳ ነው። እኔ ሴት ስለሆንኩ እስጢፋኖስ ገዳምን ከውጭ ነው የማየው፤ ፈረሴን እያጠጣሁ ማየቱም ይበቃኛል። ግን ሐይቁ ዳር ፈረስ አታሳድሩ። ውሃ ዳር የምትራባ፣ ከትንኝ የምታንስ ተናካሽ ዝንብ አለች፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች፣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ታስተላልፋለች። ያልተከተበ ፈረስ ላይ የሞት መጠኑ እስከ 95 በመቶ ይደርሳል። በቅሎ ይቀላታል፣ አህያ ደግሞ ብዙም አይሰማው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የባሰ ነው። ክትባቱ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ አስከትቡ። ማታ ሲሆን ደግሞ ከውሃው ራቅ ብሎ ንፋስ የሚያገኘው ከፍታ ላይ እሰሩ። ከረጋ ውሃ ሲጠጡም አልቅት እንዳይገባባቸው በባልዲ ቀድታችሁ አይታችሁ ስጡ።

ባቲ ለለመደ ሰው ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ቆላ። ሰኞ ገበያውን ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። የደጋ ፈረስ ግን ሙቀቱ ይከብደዋል፣ ውሃ ተሸክማችሁ መሄድ አለባችሁ፣ በዚያ ላይ ግመል አለ። ግመል አይቶ የማያውቅ ፈረስ ሽታው ሲደርሰው የሚያደርገውን ገበያ መሃል እንድታዩት አልመኝላችሁም። ባቲ ፈረሱን ትቶ፣ በሚኒባስ።

የትም ስትሄዱ የመንገዱን ሰላም በጠዋቱ ደውላችሁ ጠይቁ። ከወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የክትባትና የጤና ወረቀት ይዛችሁ ውጡ። ኬላ ላይ "የማን ፈረስ ነው?" ሲባል ከመሐላ ወረቀት ይሻላል። አሜሪካኖቹም ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው ፈረስ ለማሻገር የጤና ወረቀትና የደም ምርመራ ይጠየቃሉ፤ የእኛው ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ።

ማታ እንዴት ይታሰሩ?

ካስማ መትቶ በረጅም ገመድ ማሰር ቀላሉ ነው፤ ፈረሱም ይግጣል። ያልለመደ ፈረስ ግን እግሩን ጠልፎ ቁርጭምጭሚቱን ይልጠዋል። ከካስማው የሚቀጥለው በሁለት ዛፍ መሃል ከራሱ በላይ ገመድ ወጥሮ ማሰሪያውን ከዚያ ላይ ማንጠልጠል ነው። አይጠላለፍም፣ ይተኛል፣ ግን መኖ በእጅ መስጠት ያስፈልጋል። ቦሩ ሜዳ ላይ ደግሞ ዛፉን ፈልጋችሁ አግኙት! ገመዱን ስታስረዝሙ "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" የሚለውን አስቡ። የተበጠሰ ገመድ ላይ የሚቀረው አጭር ነው፤ ትርፍ ያዙ። አይሱዙው ላይ ማሳደርን ጨርሶ እርሱት። ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር መሬት ይፈልጋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የገበሬ ግቢ ነው። አጥር አለ፣ ውሻ አለ፣ ጅብ አይደፍርም፣ ሌባም ያፍራል። ከመምሸቱ በፊት ደርሳችሁ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ ባለቤቱን ጥሩ። "እንግዳ ነን፣ ለእንስሶቻችን ማደሪያ ፈልገን ነው" በሉ። ብር ቀድማችሁ አታውጡ፤ ያስቀይማል። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ፣ ለፈረሶቹ ጨው አይጥፋ። ጠዋት ስትወጡ ለልጆቹ ብላችሁ የፈለጋችሁትን ስጡ። ድንኳናችሁንም እዚያው ግቢ ውስጥ ትተክላላችሁ። ድንኳን ስላላችሁ ብቻ ግን የቡናውን ግብዣ እንቢ አትበሉ፤ አቦሉን ጠጥታችሁ ከሦስተኛው በፊት ብትነሱ ይታዘቧችኋል። ጠዋት ፋንዲያውን ጠርጋችሁ አንድ ቦታ ሰብስቡ። በአዝመራ ወቅት ሌሊት የተፈታ ፈረስ ማሳ ውስጥ ከገባ ቡናው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ተሳቢውን ለጊዜው ትቶታል። አርብ በጠዋት ከኮምቦልቻ በእግር ይነሳል። ማታ እኔ ግቢ ያድራሉ፤ ድርቆሹን አዘጋጅቻለሁ። ቅዳሜ አብረን ሐይቅ እንሄዳለን። እዚያ የአንድ ገበሬ ግቢ ጠይቀን አግኝተናል፤ ከውሃው ራቅ ያለ፣ ከፍ ያለ ቦታ ነው። መመለሻውን በአይሱዙ እናደርገዋለን፤ ሹፌሩ ሐይቅ ጭነት አራግፎ እሁድ ባዶውን የሚመለስ ነው። ስለ አሸዋው ነግሬዋለሁ። ሳቀብኝ፤ ግን እሺ ብሏል።